አሜሪካዊው እንግዳ በእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም ውስጥ

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከአሜሪካ ውጪ በሚሠሩ ፊልሞች ላይ የመቶ ፐርሰንት ቀረጥ እንደሚጥሉ አስታወቁ። በሴፕቴምበር ያንኑ ደገሙት። በሁለቱም ጊዜ ቀረጡ በምን ላይ ተሰልቶ እንደሚከፈል ዝርዝር አልቀረበም። ክርክሩ ግን ዝርዝሩን አልጠበቀም፤ አንድ አሮጌ ጥያቄ ቀስቅሶ አለፈ። የፊልም አገሩ የት ነው? ገንዘቡ የመጣበት ነው? የተቀረጸበት ነው? ወይስ በፖስተሩ ላይ ፊቱ ጎልቶ የሚታየው ሰው የተወለደበት?

ጥያቄው በተለይ የሚያወዛግበው የቆዩት የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልሞች ሲነሡ ነው። ጭጋጉ፣ አሮጌው ቤት፣ የፖሊሱ ባርኔጣና የአሳላፊዋ አነጋገር ሁሉ እንግሊዛዊ በሆነበት ፊልም መካከል፣ አንድ አሜሪካዊ ኮቱን አንጠልጥሎ ይገባል። አንዳንዱ ተመልካች «ይህን ሰው ማን ጠራው?» ብሎ ይበሳጫል፤ ሌላው እንደ ጌጥ ያየዋል። የተለመደው ማብራሪያ «የአሜሪካን ገበያ ለመሳብ ነው» የሚል ነው። ስሕተት አይደለም፣ ግን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ያለው በሕግ አንቀጽና በሂሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የማን ፊት፣ የማን ፓስፖርት

አስቀድሞ አንድ ውዥንብር መጥራት አለበት። ስለዚህ ጉዳይ የሚነጋገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተዋንያኑን ራሳቸውን ያደባልቃሉ። ቪንሰንት ፕራይስ በረጅም ቁመቱ፣ በተጠና አነጋገሩና በለስላሳ ድምፁ የተነሣ እንግሊዛዊ የሚመስለው ብዙ ነው። የተወለደው በ1911 በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። እርግጥ ወጣት ሳለ ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምሯል፤ መድረክ ላይ የወጣውም በ1935 እዚያው ለንደን ነው። ቦሪስ ካርሎፍ በተቃራኒው ስሙ የምሥራቅ አውሮፓ፣ ዝናው የሆሊውድ ሆኖ ሳለ በ1887 ለንደን ውስጥ ዊልያም ሄንሪ ፕራት ተብሎ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ስለዚህ አንድ የ1960ዎቹ ፖስተር ላይ የሁለቱን ስም ያየ ተመልካች ዜግነታቸውን ቢገምት፣ ሁለቱንም ሊስት ይችላል።

ካስቲንግ የሚባለው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ተዋናይ የመምረጥ ሥራ፣ ከውጭ ሲታይ የዳይሬክተሩ የጥበብ ምርጫ ይመስላል። አነስተኛ በጀት ባላቸው ፊልሞች ላይ ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ የተጠናቀቀው ዳይሬክተሩ ከመቀጠሩ በፊት ነበር። ወሳኙ ሰው አከፋፋዩ ነው፤ ፊልሙን ገዝቶ ወይም ቅድሚያ ገንዘብ ሰጥቶ ለሲኒማ ቤቶች የሚያከራየው ነጋዴ። አከፋፋዩ ታሪኩን ላያነብ ይችላል፤ የተዋናዩን ስም ግን ያነባል።

ሰባ አምስት ፐርሰንት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ ዶላር አጥታ ነበር። ሕዝቡ በየሳምንቱ ሲኒማ ይገባል፤ የሚያየው በአብዛኛው የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ገንዘቡም ባሕር ይሻገራል። በኦገስት 1947 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ዳልተን ከውጭ በሚገቡ ፊልሞች ላይ 75 ፐርሰንት ቀረጥ ጣሉ። የዛሬውን ወሬ ለሚከታተል ሰው ነገሩ የተገለበጠ መስተዋት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ቀራጯ ለንደን፣ ተቀራጩ ሆሊውድ ነበር።

የአሜሪካ ኩባንያዎች አልተከራከሩም። አዲስ ፊልም መላክ አቆሙ። የእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች የቆዩ ፊልሞችን እየደጋገሙ ሲያሳዩ ከረሙ። በማርች 1948 ስምምነት ተደረሰና ቀረጡ ተነሣ። የስምምነቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከብሪታንያ ገቢያቸው በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ወደ አገራቸው ይወስዳሉ፤ የቀረው እዚያው ይቀመጣል።

እዚያው የተቀመጠ ገንዘብ ዝም ብሎ አይተኛም። ከሚያወጡባቸው መንገዶች ዋናው እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ፊልም መሥራት ነበር። የታገደው ፓውንድ ስቱዲዮ ተከራየ፣ አናጺ ቀጠረ፣ ካሜራ አስነሣ። የአሜሪካ ፊልም ሰዎች ወደ እንግሊዝ ስቱዲዮዎች መመላለስን ልማድ ካደረጉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የአገር ውስጥ ምርትን ይጠብቃል የተባለው ቀረጥ ዕድሜው ከአንድ ዓመት አላለፈም፤ ትቶት የሄደው ነገር ግን የሁለቱን አገሮች ፊልም ይበልጥ አጣብቆ አሰረ።

የእንግዳው ወንበር

ቀጥሎ የመጣው መዋጮ ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤት ባለሥልጣን በነበሩት በሰር ዊልፍሬድ ኢዲ ስም የሚጠራው ይህ ዘዴ በ1950 በውዴታ ተጀምሮ በ1957 ሕግ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ ትንሽ ገንዘብ ይነሣል። የተሰበሰበው በእንግሊዛዊነት ለተመዘገቡ ፊልሞች አምራቾች ይከፋፈላል፤ ክፍፍሉም ፊልሙ በአገር ውስጥ ባስገባው ገቢ መጠን ነው። ብዙ ያስገባ ብዙ ይጨመርለታል። ብሪታንያ ውስጥ የተቋቋመ የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፍም ፊልሙ መስፈርቱን ካሟላ ድርሻውን ይወስዳል።

ስለዚህ «እንግሊዛዊ ፊልም» የሚለው ቃል የስሜት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ቼክ የሚያስቆርጥ ማዕረግ ሆነ። ማዕረጉን ለማግኘት ዋናው መለኪያ ደመወዝ ነበር፤ ለሠራተኞችና ለተዋንያን ከሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ለብሪታንያ ወይም ለኮመንዌልዝ ዜጎች መከፈል አለበት። እዚህ ላይ ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር። አምራቹ ከፈለገ የጥቂት የውጭ ሰዎችን ክፍያ፣ በተለመደው አሠራር የአንድ ወይም የሁለት ሰው፣ ከስሌቱ አውጥቶ ማስቀመጥ ይችላል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ይታይ። አንድ ትንሽ ፊልም ለደመወዝ 10 ሺህ ፓውንድ መድቧል እንበል። ከዚያ ውስጥ 3 ሺህ የሚወስደው ከካሊፎርኒያ የመጣ ተዋናይ ነው። በቀጥታ ቢሰላ የአገሬው ድርሻ 70 ፐርሰንት ይሆንና ሦስት አራተኛ የሚጠይቀውን መስፈርት ሳያሟላ ይቀራል። የአሜሪካዊው 3 ሺህ ከስሌት ሲወጣ ግን በቀረው 7 ሺህ ውስጥ አንድም የውጭ ሰው የለም፤ ፊልሙ መቶ በመቶ እንግሊዛዊ ነው። አንድ አሜሪካዊ ከፖስተሩ ላይ ሆኖ ይሸጣል፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን የለም። ሌሎች አሜሪካውያን እየተጨመሩ ቢሄዱ ግን ስሌቱ ይፈርሳል።

እንግዲህ የዚህ ዘመን ፊልሞች ጠባይ እዚህ ላይ ነው የተቆረጠው። አሜሪካዊው ብቻውን የመጣው ጸሐፊው ብቸኝነትን ስለወደደ አይደለም። በገበታው ላይ ለእንግዳ የተፈቀደው ወንበር ብዙ ጊዜ አንድ ስለነበረ ነው።

የፕሮፌሰሩ ጠብ

ወንበሩን ቀድመው በሥርዓት ከተጠቀሙበት አንዱ ሐመር የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ ነው። በ1934 የተመሠረተው ይህ ድርጅት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች የሲኒማ ቤቶች ባለቤት ከነበረው ከሮበርት ሊፐርት ጋር ተዋዋለ። ሊፐርት አሜሪካዊ ተዋናይ ያቀርባል፣ ፊልሙንም በአሜሪካ ያከፋፍላል፤ ሐመር በብሪታንያ ይሠራል፣ ያከፋፍላል። በ1952 ለታየ ፊልም በዚህ ውል መሠረት የመጣው ጆርጅ ብሬንት ነበር፤ በ1930ዎቹ የሆሊውድ ታላላቅ ሴት ተዋንያን አጠገብ የቆመ፣ ጊዜው ግን ያለፈበት ሰው። ሌሎቹም በአብዛኛው እንዲሁ ነበሩ፦ ስማቸው ያልተረሳ፣ ዋጋቸው ግን የረከሰ። ለአከፋፋዩ የሚያስፈልገው ዝና ትናንት የተገኘ ቢሆንም ችግር የለውም፤ በትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ሲለጠፍ ሰው የሚያውቀው ስም ከሆነ በቂ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች በአብዛኛው የወንጀል ታሪኮች ነበሩ። አስፈሪው የመጣው በ1955 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቢቢሲ በቀጥታ ባስተላለፈው ተከታታይ ድራማ ውስጥ ጸሐፊው ናይጅል ኒል ፕሮፌሰር በርናርድ ኳተርማስን ፈጥሮ ነበር። ፕሮፌሰሩ ወደ ጠፈር የላከው ሮኬት ተመልሶ ይወድቃል፤ ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ብቻ ይወጣል፤ እርሱም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ፍጥረት ይለወጣል። የኒል ፕሮፌሰር የሠራው ሥራ የሚከነክነው፣ የሚጨነቅ ሰው ነው። ሐመር ለፊልሙ የመረጠው ብራያን ዶንሌቪን ነው፤ በሆሊውድ በጨካኝ አዛዥነትና በአለቃነት ሚናዎች የሚታወቀውን።

ኒል ተናደደ፤ ንዴቱንም ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖረ። ለእርሱ ዶንሌቪ ባርኔጣውን ደፍቶ በሰው ላይ የሚጮህ፣ ሐሳብ የማይገባው ሰው ነበር፤ ሲሠራም ጠጥቶ ነበር ይል ነበር። ዳይሬክተሩ ቫል ጌስት ይህን አስተባብሏል። በጌስት አስተያየት የዶንሌቪ ደረቅነት ለማይታመነው ታሪክ መሬት ሰጠው፤ እንደ ዜና ዘገባ አድርጎ ለማቅረብ ረዳው።

ከሁለቱ ማን ልክ ነው? ፊልሙን ከነመጨረሻው ማየት ይጠቅማል። ፍጥረቱ የሚጠፋው በዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በቴሌቪዥኑ ድራማ ፕሮፌሰሩ ፍጥረቱ የዋጣቸውን ሰዎች ኅሊና ተማጽኖ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል። በፊልሙ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ከዚያ ዶንሌቪ ማንንም ሳያይ፣ ማንንም ሳያጽናና፣ በጨለማው መንገድ ይሄዳል፤ ረዳቱ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲጠይቀው እንደገና ሊጀምር መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛ ሮኬት ይተኮሳል። የኒል ፕሮፌሰር በእርግጥ ጠፍቷል። በምትኩ የተገኘው ግን ከባዶ የሚሻል ነው፦ በሦስት ሰው ሞት ያልተደናገጠ፣ እንቅልፍ የማያጣ የሳይንስ አለቃ። ከፍጥረቱ ይልቅ እርሱ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ጸሐፊው ያላሰበው ፍርሃት በአከፋፋዩ ምርጫ ገባ ማለት ነው።

ኒል ራሱ ሁለት ዓመት ቆይቶ ይህን ትምህርት የተማረ ይመስላል። በሂማላያ በረዶ ውስጥ «የቲ» የሚባለውን ሰው መሰል የተረት ፍጥረት ፍለጋ ስለሚወጡ ሰዎች በጻፈው የ1957ቱ የሐመር ፊልም ፒተር ኩሺንግ ዝምተኛውን እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ ፎረስት ተከር ደግሞ ፍጥረቱን ይዞ ለትርኢት ሊሸጥ የመጣውን ጯሂ ሰው ሆነው ይሠራሉ። ቀድሞ በቢቢሲ በቀረበው ተውኔት ያንኑ ሁለተኛ ሚና የሠራው ከዌልስ የመጣው ስታንሊ ቤከር ነበር። በተከር ሲተካ ግጭቱ የሁለት ሰዎች ብቻ መሆኑ ቀረና የሁለት አገሮች ጠባይ መሰለ። በዚያን ዓመት እንግሊዛዊ ተመልካች በአሜሪካ ግፊት ከሱዌዝ ቦይ የመውጣቱ ውርደት ገና አልበረደለትም፤ ከአሜሪካዊ ጋር በአንድ ድንኳን ውስጥ ስለማደር የራሱ ስሜት ነበረው።

ሊቅ ሆኖ የመጣ፣ ሳያውቅ ሊሄድ የመረጠ

የእንግዳው ወንበር እንዴት ታሪክ እንደሚጽፍ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በ1957 በዣክ ተርነር ዳይሬክተርነት የተሠራው «የአጋንንቱ ሌሊት» ነው። መነሻው ሞንታግ ሮድስ ጄምስ በ1911 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። በልብ ወለዱ በጥንቆላ ጽሑፍ የሚሳደደው ሰው ደኒንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ የሚገጥመው መከራ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ትራሱ ሥር ይደርስበታል። በፊልሙ ደኒንግ ጠፍቶ ጆን ሆልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ተተካ። ተዋናዩ ዴና አንድሩስ ነው።

ይህ ለውጥ የስም ብቻ አልሆነም። አሜሪካዊ ከሆነ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ሆልደን ስንተዋወቀው አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ ከኋላው የተቀመጠችው ሴት መብራት አላጠፋ ብላ እንቅልፍ ትነሣዋለች። ከመጣ ለምን እንደመጣ መነገር አለበት፤ ስለዚህ አስማት የለም ብሎ ለማስረዳት ወደ ጉባኤ ይሄዳል። አገሩን ካላወቀ ነገሩ ሁሉ ሊብራራለት ይገባል፤ ስለዚህ ተመልካቹም አብሮት ይማራል። በልብ ወለዱ ውስጥ የሌለ የክርክር አጥር በፊልሙ መካከል ተሠራ፤ በአንድ ወገን ሁሉን በላቦራቶሪ የሚፈታ አዲስ ሰው፣ በሌላ ወገን ድንጋዩም ገበሬውም ነገር የሚያውቅበት አሮጌ አገር።

በብሪቲሽ ሙዚየም ንባብ ክፍል ውስጥ ያለው ትዕይንት ቢስተዋል ሁሉም እዚያ አለ። ሆልደን የሚፈልገው መጽሐፍ ጠፍቷል። ካርስዌል የተባለው ጠንቋይ፣ በኒያል ማክጊኒስ የሚሠራው ትሑትና ሞላ ያለ ሰው፣ ቀርቦ የራሱን ቅጂ ሊያሳየው ያቀርባል፤ የስም ካርዱንም ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ የሞተ ሰው ስምና የተሰጠው የቀን ገደብ ተጽፎ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ጽሑፉ የለም። ሆልደን ካርዱን ለምርመራ ይልካል፤ ምርመራው ምንም አላገኘም። እንግሊዛዊ ገጸ ባሕርይ ቢሆን በዚህ ጊዜ አያቱ የነገሩት ነገር ትዝ ሊለው ይችላል። አሜሪካዊው ግን አያት የለውም፤ ቢያንስ በዚህ አገር የለውም። ብቻውን መሆኑ ሙሉ የሚሆነው በዚህ ነው። በመጨረሻ ባቡር ሐዲድ አጠገብ የተጋደመውን ሬሳ ሄዶ ማየት ሲችል አለማወቅን ይመርጣል፤ ሁሉን ላውቅ ብሎ የመጣ ሰው የሚሸነፈው እንዲህ ነው።

እርግጥ ወጣ ያለ አስተያየት አለ። አንዳንድ ተቺዎች አሜሪካዊ እንግዳ የመጣው በጀት ስላስገደደ ሳይሆን ዘመኑ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ የኃይል ሚዛኑ ተለውጦ ነበርና ተራኪዎች ይህን ሳይጠሩት ማለፍ አይችሉም ነበር። አባባሉ ውድቅ የሚሆን አይደለም። ግን ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ለንደን አጠገብ በሼፐርተን ስቱዲዮ ተሠርቶ በ1960 የታየ አንድ የጠንቋዮች ፊልም ታሪኩ በማሳቹሴትስ ሆኖ ሳለ፣ ክሪስቶፈር ሊን ጨምሮ ተዋንያኑ የአሜሪካን አነጋገር የሚያስመስሉ እንግሊዛውያን ነበሩ። ገበያው አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ መፍትሔው ግን ተገልብጧል። ዘመኑ ሐሳቡን ሊሰጥ ይችላል፤ ማን በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ የወሰነው ግን በአብዛኛው ሂሳብ ሹሙ ነው።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

አሜሪካዊ ተዋናይ ለአሜሪካ ገበያ የግድ ያስፈልጋል የሚለውን እምነት ያናጋው ሐመር ራሱ ነው። በ1957 ባለቀለም የፍራንከንስታይን ፊልም ሠራ። መሪዎቹ ፒተር ኩሺንግና ክሪስቶፈር ሊ ናቸው፤ አንዱ በቴሌቪዥን የሚታወቅ፣ ሌላው በቁመቱ እንጂ በስሙ የማይታወቅ። አሜሪካዊ የለበትም። ዋርነር ብራዘርስ በዓለም ዙሪያ አከፋፈለው፤ ገቢው ወጪውን ብዙ እጥፍ አስከነዳ። በቀጣዩ ዓመት «ድራኩላ» በዩኒቨርሳል በኩል ተከተለ።

ትምህርቱ ግልጽ ነበር። አስፈሪ ፊልም ላይ ስሙ የሚሸጠው ጭራቁ ነው። ፍራንከንስታይንንና ድራኩላን አሜሪካዊው ተመልካች ከ1931 ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልብሱን ማን እንደለበሰው ብዙም አይገደውም። የአሜሪካ ገንዘብ ከዚህ በኋላም መምጣቱን አላቆመም፤ በተዋናይ ደመወዝ መልክ መምጣቱን ግን ለጊዜው ቀነሰ። ኳተርማስ እንኳ በ1967 ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሲኒማ ሲመለስ ስኮትላንዳዊው አንድሩ ኪር ሠራው፤ ኒልም ያን ጊዜ ቅሬታው ቀለለ።

ታላላቆቹ ሴቶች

ጭራቅ የሌለበት ፊልም ግን አሁንም ስም ይፈልግ ነበር። በ1962 ቤቲ ዴቪስና ጆን ክራውፎርድ በአንድ የአሜሪካ ፊልም እርጅናን ወደ አስፈሪነት ከለወጡ በኋላ፣ የእንግሊዝ አምራቾች በሆሊውድ ሥራ የቀነሰላቸውን ታላላቅ ሴቶች መጥራት ጀመሩ። ታሉላ ባንክሄድ በ1965፣ ጆን ፎንቴን በ1966፣ ክራውፎርድ በ1967 በእንግሊዝ ፊልሞች ላይ ታዩ። ከሁሉ የሚበልጠው የዴቪስ የ1965 ሥራ ነው። እንግሊዛዊት ሞግዚት ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አልጋ እያነጠፈች፣ ወተት እያቀረበች ታስፈራለች። እንግዳነቷ አይታይም፤ እንዲያውም በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የቤቱ ሰው የምትመስለው እርሷ ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በሌላ የሐመር ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ አልተመቻትምና ሌላ ተተካ። የተከፈለለት ስም ከወንበሩ ሆኖ ቤቱን ማዘዝ ሲጀምር እንዲህ ነው።

ፕራይስና የ24 ዓመቱ ወጣት

በ1968 የተሠራው «የጠንቋይ አዳኙ ጄኔራል» የዚህን ሁሉ ክርክር ጫፍ ይዟል። ዳይሬክተሩ ማይክል ሪቭስ ገና 24 ዓመቱ ነበር። በ1645 በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት እየዞረ ሴቶችን በጠንቋይነት ለሚያሰቅለው ለማቲው ሆፕኪንስ ሚና የፈለገው እንግሊዛዊውን ዶናልድ ፕሌዘንስን ነው። የበጀቱን ክፍል የሚሸፍነው የአሜሪካ ኩባንያ ግን ቪንሰንት ፕራይስ ካልሆነ አይሆንም አለ። ፕራይስ በኤድጋር አለን ፖ ታሪኮች ላይ በተመሠረቱ ፊልሞቹ የኩባንያው ዋና ገበያ ነበር።

ሪቭስ ቅሬታውን አልደበቀም። በቀረጻው ሁሉ የሚያዝዘው አንድ ነገር ነበር፦ ቀንስ። ዓይንህን አታፍጥ፣ እጅህን አታንሣ፣ ድምፅህን አታዚም። ፕራይስ አሥርት ዓመታት የገነባው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ተወሰደበት፤ ጠባቸውም በዚያ የነበሩ ሰዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ሆነ። ውጤቱን በሳፎክ ላቨንሃም መንደር አደባባይ ላይ በተቀረጸው የማቃጠል ትዕይንት ማየት ይቻላል። አንዲት ሴት ከመሰላል ጋር ታስራ ወደ እሳት ስትወርድ ሆፕኪንስ እንደ መዝገብ ሹም ይመለከታል። ፊቱ ላይ ደስታም ቁጣም የለም። ፕራይስ ኋላ ላይ ፊልሙን አይቶ ዳይሬክተሩ ምን ይፈልግ እንደነበር እንደገባው ተናግሯል፤ ከምርጥ ሥራዎቹም ቆጥሮታል። ሪቭስ በፌብሩዋሪ 1969 በ25 ዓመቱ ሞተ።

በግዴታ የተመደበ ተዋናይ ፊልሙን አበላሸው ወይስ አዳነው ለሚለው ጥያቄ ይህ ፊልም ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም። ፕሌዘንስ ቢሠራው ምናልባት ቁጡና ፈሪ ሆፕኪንስ እናገኝ ነበር። የተገኘው ግን ዳይሬክተሩ ባልፈለገውና ተዋናዩ ባልወደደው ትግል ውስጥ የወጣ ቅዝቃዜ ነው።

መዋጮው ከቀረ በኋላ

በ1970ዎቹ አሜሪካዊው እንግዳ ሰበብ አላስፈለገውም። በ1976 «ዘ ኦመን» ውስጥ ግሪጎሪ ፔክ በለንደን የአሜሪካ አምባሳደር ነው፤ ሚናው ራሱ ቪዛ ሆነ። በ1981 ጆን ላንዲስ «አሜሪካዊው ተኩላ ሰው በለንደን» ብሎ እንግዳውን በርዕሱ ላይ ሰቀለው። ሁለት ወጣት አሜሪካውያን ሻንጣቸውን አዝለው ወደ ገጠር መጠጥ ቤት ሲገቡ ወሬው ይቆማል። ግድግዳው ላይ ስላለው ኮከብ ሲጠይቁ፣ በጨዋታ ትንንሽ ቀስቶችን በእጁ የሚወረውረው ሰው ዒላማውን ይስታል። አሜሪካዊ ለሠላሳ ዓመት በእንግሊዝ ፊልም ቤት ውስጥ የተሰማው ቅዝቃዜ በአንድ ደቂቃ ተጠቃልሎ ቀልድ ሆነ።

በ1985 የኢዲ መዋጮ ተሻረ። ሕጉ ያቆመው የእንግዳ ወንበር ሲነሣ እንግዳው አልሄደም፤ ቤቱ ነው የጠፋው። በ1987 «ሄልሬዘር» በሰሜን ለንደን ቤት ውስጥ ተቀርጾ ሳለ፣ በአሜሪካዊው አከፋፋይ ፍላጎት አንዳንድ እንግሊዛውያን ተዋንያን በአሜሪካ ድምፅ ተተክተውበታል። መንገዱ፣ መስኮቱና ግድግዳው የለንደን ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ግን የትኛውም አገር ላይ በማይገኝ አነጋገር ነው።

ዛሬ ብሪታንያ የምትሰጠው ማበረታቻ የታክስ ቅናሽ ነው። ከ2024 ጀምሮ መደበኛው ምጣኔ 34 ፐርሰንት ሲሆን፣ አነስተኛ በጀት ላላቸው ነጻ ፊልሞች ደግሞ 53 ፐርሰንት ነው። ለማግኘት የባህል ፈተና ይታለፋል፤ ከ35 ነጥብ 18 ይበቃል። ነጥቡ ለታሪኩ ቦታ፣ ለገጸ ባሕርያቱ፣ ለቋንቋው፣ ለቀረጻው ቦታና ለባለሙያዎቹ ይከፋፈላል፤ ለመሪ ተዋንያን ዜግነት የሚሰጠው ከእነዚህ ትንሹ ክፍል ነው። ስለዚህ አምራቹ ሦስትም አራትም አሜሪካዊ ቢያመጣ የሚያጣው ጥቂት ነው። አንድ አሜሪካዊ ብቻውን በጭጋግ ውስጥ የሚቆምበት ፊልም የቀነሰው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው። መንገዱም በሁለቱ አቅጣጫ ተከፍቷል፤ በ2017 የታየው «ጌት አውት» የተባለ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም መሪ ተዋናይ ዳንኤል ካሉያ ለንደን የተወለደ ነው፤ አሜሪካዊው ተዋናይ ሳሙኤል ጃክሰን የአሜሪካውያን ጥቁሮችን ሚና ለምን እንግሊዛዊ ይሠራዋል ብሎ በይፋ መጠየቁ በዚያው ዓመት ሰፊ ክርክር አስነሥቷል።

የመቶ ፐርሰንቱ ቀረጥ ሥራ ላይ ይዋል ቢባል መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ዕቃው ወደብ ላይ አለመታየቱ ነው። ፊልም ዛሬ በሳጥን አይገባም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላትም በኤሌክትሮኒክስ በሚተላለፍ ነገር ላይ ቀረጥ ላለመጣል ከ1998 ጀምሮ የቆየ ስምምነት ነበራቸው። ሁለተኛው ችግር መስፈርቱ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ አንድን ፊልም «የውጭ» ለማለት የቀረጻውን ቦታ፣ የገንዘቡን ምንጭ ወይም የደመወዙን ድርሻ መቁጠር አለበት። የቀረጻው ቦታ ከተቆጠረ በብሪታንያ የሚሠሩት የሆሊውድ ፊልሞች ዋነኛ ተመቺ ይሆናሉ። ደመወዝ ከተቆጠረ ግን አምራቾች ከ1950ዎቹ የሚያውቁትን ሥራ ይሠራሉ፤ መስፈርቱ የሚጠይቀውን ያህል አሜሪካዊ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያም ጸሐፊውን ጠርተው ሰዎቹ ለምን ለንደን እንደመጡ ምክንያት እንዲፈልግላቸው ያዝዙታል።